የእትዬ በላይነሽ ጓዳ

የእትዬ በላይነሽን መሞት የነገረኝ የቡና መኪና ሾፌር ነው። ወደ ይርጋ ጨፌ ተዛውሬ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሾፌሩ የዲላ ልጅ ነው። መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ «አስተማሪ፣ እትዬ በላይነሽ እኮ ዐረፉ። ቀብሩ ነገ ነው» አለኝ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «ዕድር የላቸውም አሉ። ማን እንደሚቀብራቸው እንጃ» ብሎ ማርሹን አስገባና ወደ ገደብ ከተማ ነዳው።

አንጀቴን የቆረጠው ይኼ የመጨረሻው ነው። ሰው ለልጁ ሠርግ በሚዘጋጀው ልክ ለገዛ ቀብራቸው ሲዘጋጁ የኖሩ ሴት ቀባሪ ሊያጡ ነው ማለት ነው። ዕድሩን ያጡት ደግሞ በእኛ የተነሳ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ከመንዝ የመጡ የወታደር ሚስት ነበሩ። ባላቸው ሃምሳ አለቃ ዲላ ላይ ሲሞቱባቸው፣ ልጅም ዘመድም ስላልነበራቸው እዚያው ቀሩና ከገበያው ጀርባ፣ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጠላ ቤት ከፈቱ። አጭርና ደልደል ያሉ ናቸው። ቢቆጡም ቢያዝኑም እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ጠላ ቤቱን ሙሉ በሳቅ እያፈረሱ እሳቸው ፈገግ አይሉም ነበር፤ ሌላው ሲስቅ «ምን ያስቃችኋል?» ብለው ከልባቸው ይቆጣሉ።

ሃምሳ አለቃው የሞቱት በክረምት ነው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ ቀዩ ጭቃ ጉልበት ድረስ ደርሶ፣ ሬሳ የሚሸከም ሰው ጠፍቶ፣ እትዬ በላይነሽ መንገደኛ ለምነው ነው ያስቀበሩት። ይህ ነገር ከልባቸው አልወጣም። ስለዚህ ዕድር ገቡ፣ የማርያም ማኅበር ገቡ፣ መገነዣቸውን ገዝተው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው ብለው አውጥተው ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የማያውቅ ሰው አይቶ «ቆንጆ ጋቢ ነው፣ ለማን ነው?» ሲላቸው «ለእኔ ነው፤ ግን ገና አልለብሰውም» ይሉታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው የሚያስታውሳቸው በጥያቄያቸው ነው። ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ጣሳውን በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያውን በሌላው ይዘው፣ ከመቅዳታቸው በፊት «ቀብሬ ላይ ትመጣለህ?» ይሉታል። «እመጣለሁ» ያለ ሰው ጣሳው እስከ አፉ ይሞላለታል። «እግዜር ያውቃል» ያለ ጎደሎ ይጠጣል። አንድ የገደብ ነጋዴ «እንዴ፣ ከዚያ ድረስ?» ብሎ ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሉ ጣሳ አይቶ አያውቅም ይባላል። እኔም ቤት ልከራያቸው የሄድኩ ቀን ሥራዬንም ዘሬንም አልጠየቁኝም። ያንኑ ጠየቁኝ። እመጣለሁ ስላቸው ከግቢው ክፍሎች የጧት ፀሐይ የሚገባበትን ሰጡኝ።

ዘመኑ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ እኛን ሰው ጴንጤ ይለን ነበር፤ ስሙ ስድብ ነው። በገጠሩ ሚስዮን ባሠራቸው ጸሎት ቤቶች የሚያመልኩትን የሚነካቸው አልነበረም። እኛ ግን ከተማ ውስጥ በየሰው ቤት እየተሰበሰብን ስለምናጨበጭብና ስለምንዘምር ተከልክለናል። ለጴንጤ ቤት ያከራየ ይታሰራል ተብሎ በየመንደሩ ተለፍፏል። አንዱ አከራይ ሲያስወጣን ወደ ሌላው ስንዞር፣ በመጨረሻ ከእኔ ክፍል በቀር መሰብሰቢያ አጣን። አስተማሪዎች ነበርን፣ አናጢ ነበረ፣ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ አበበች ናት፤ ድምፅ የተሰጠው ለእሷ ነው።

አንድ እሁድ እኔ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ በለሆሳስ ስንዘምር በሩ ተንኳኳ። መዝሙሩን ቆረጥን። ስከፍት እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል።

«የምትዘፍኑ ከሆነ ጮክ በሉ» አሉ። «የምታለቅሱ ከሆነም ንገሩኝና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልምጣ። እንዲህ መሐል ላይ ሆናችሁ ማቃሰት ግን ደንበኞቼን እያስፈራብኝ ነው።»

መዋሸት አልሆነልኝም። ማን እንደሆንን፣ ብንያዝ እሳቸውም እንደሚታሰሩ ግልጹን ነገርኳቸው። አንድ በአንድ አዩን። አበበችን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩዋት።

«እግዜርን ነው የምትጠሩት?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲህ ብትሳሳቱ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ባባርራችሁ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተነሡ፣ ወደ ጓዳ ግቡ።»

ጓዳቸው ከጠላ ቤቱ የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በግድግዳው ሥር ጋኖች ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ የብቅልና የጌሾ ከረጢት ተከምሯል። አንዳንዶቻችን ከረጢት ላይ፣ ሌሎቻችን በተደፋ እንስራ ላይ ተቀመጥን። ሐሳባቸውን ሲያስረዱን ነገሩ ለልጅም ግልጽ ነበር። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር ሰው ጆሮውን እንዲያቆም ያደርገዋል። ከጠላ ቤት በእሁድ ቀን ጩኸት ቢሰማ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ደግሞም ባሻ ወልዴ ነበሩ።

ባሻ ወልዴ የሃምሳ አለቃው የጦር ጓደኛ፣ ጡረተኛ፣ የጠላ ቤቱ ነባር ደንበኛ ናቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጡና ጥጋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሞቅ ሲላቸው ብድግ ብለው ይፎክራሉ። ሲፎክሩ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ግድግዳው ጭቃ ነው አይሉም። ሌላው ጠጪ በጭብጨባ ይቀበላቸዋል። እኛም ከግድግዳው ወዲህ እናጨበጭባለን። ባሻ ሲፎክሩ እንዘምራለን፣ ባሻ ዝም ሲሉ ዝም እንላለን፤ ሕጋችን ይኸው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሳናስበው ትንፋሽ ሊሰበስቡ ያቆማሉ፤ እኛ የሃሌሉያውን ግማሽ በአፋችን ይዘን እንቀመጣለን። ሲነሡ ከዚያው እንቀጥላለን።

እትዬ በላይነሽ እምነታችንን አልተቀበሉም፣ እቀበላለሁ ብለውም አያውቁም። ረቡዕ ወተት የጠጣን ዕለት ፊታቸውን አይሰጡንም። የማርያም ዕለት የማኅበሩን ዳቦ ቆርሰው ወደ ጓዳ ያስገቡና እስክንበላ በር ላይ ይቆማሉ። መዝሙራችንን ግን እንደ ጠላቸው ይቀምሱት ነበር። ጨርሰን ስንወጣ «ያቺ ሁለተኛ የምትዘምሯት ጥሩ ነች፤ ዛሬ መጨረሻ ላይ ግን ቀጠነችብኝ» ይሉናል። ስብከት ሲረዝምም ይቆጣሉ። «ምን ነካው ያ ሰባኪ? ባሻን አደከመብኝ እኮ» ይላሉ። ባሻ በእኛ ስብከት ለምን እንደሚደክሙ ያኔ ልብ ብዬ አልጠየቅሁም።

አንድ ሰሞን ባሻ ታመሙ። አልጋ ላይ ዋሉና እሁዱ ጭር አለ፤ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠን እርስ በርስ መተያየት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ለባሻ ጤንነት ጸሎት ተያዘ። ለገዛ አባቴ እንደዚያ የጸለይኩ አይመስለኝም። አበበች ግን «እንዲፈውሳቸው ብቻ ሳይሆን ከመጠጥም እንዲያላቅቃቸው እንጸልይ» ብላ ክርክር አስነሳች። ጥያቄው ከባድ ነበር። ባሻ መጠጣት ካቆሙ ፉከራ የለም፣ ፉከራ ከሌለ መዝሙር የለም። አናጢው «ፈውሱን አሁን እንለምን፤ መጠጡን መንግሥት ሲፈቅድልን» አለ። ብዙኃኑ በዚሁ ተስማማ። አበበች ለብቻዋ ሁለቱንም እንደጸለየች የነገረችኝ በኋላ ነው። ባሻ ድነው ተመለሱና ከበፊቱ በበለጠ ይፎክሩ ጀመር። እኔም አበበችን፣ ጸሎትሽ ግማሹ ነው የተሰማው እያልኩ ተሳለቅኩባት።

ጠላ ቤቱ ጥሩ ከለላ ሆነልን፤ ችግሩ ከለላነቱ መብዛቱ ነው። ሴቶቹ በጓሮ በእንሰቱ መሐል አድርገው ጌሾ የተሸከሙ መስለው ይገባሉ። እኛ ወንዶቹ በፊት በር ነው። ልብሳችን ጌሾ ጌሾ ይላል። የፖሊስ መቶ አለቃው አንድ እሁድ ከጠላ ቤቱ ስወጣ አገኙኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርታ አስተማሪ። ከዚያ ከጸሎቱ ይኼ ይሻልሃል» አሉኝ። እሳቸውም የእትዬ በላይነሽ ደንበኛ ነበሩ፤ እመጣለሁ ብለው ሙሉ ጣሳ የሚጠጡ። ወሬው በከተማው ተዳረሰ፤ ጴንጤዎቹ ጸሎታቸውን ትተው ጠጪ ሆነዋል ተባለ። ፖሊስ ደስ አለው። ወሬው ግን ዲላ አልቀረም፤ በቡና መኪና ተጭኖ ወርቃ የሚባለው ገጠር ገባ።

ወርቃ ላይ ወንድም ጂግሶ አሉ። ብዙዎቻችንን ወንጌል ያስተማሩን፣ እንደ አባት የምናያቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የዲላ ልጆቻቸው በጠላ መጥፋታቸውን ሲሰሙ እህል አልቀመሱም። በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረው እሁድ ቀን ጠላ ቤቱ ድረስ መጡ። እኛ ጓዳ ውስጥ ነን። በፊት በር ገብተው በጠጪዎቹ መሐል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እትዬ በላይነሽ ጣሳ አቀረቡላቸው፤ አልፈልግም አሉ። ሌላ የተሻለ ጠላ እንዳለ ነገሯቸው። እሱንም አልፈልግም አሉ። ዲላ ውስጥ ጠላ ቤት ገብቶ ጠላ የማይጠጣ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ጆሮ ጠቢ ነው። እትዬ በላይነሽ ወደ ጓዳው ዞረው «ጌሾው ረጠበ» አሉ። ይህ ምልክታችን ነበር። ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ልጆቼ እዚህ ነው አሉኝ» አሉ ወንድም ጂግሶ። «የጸሎት ልጆች ነበር። አሁን ጠላ ይጠጣል አሉኝ።»

እትዬ በላይነሽ እኛን ለማዳን ቆርጠው ተነሡ። ጸሎት የሚባል ነገር እዚህ ግቢ ታይቶ እንደማያውቅ ማሉ። ስለ መጠጡ ግን የተሰማው ሁሉ ከሆነው በታች ነው አሉ። አስተማሪው ባለፈው እሁድ በሰው ሸክም ወደ ክፍሉ እንደገባ፣ አናጢው መጋዙን በጠላ እንዳስያዘ፣ አበበች የምትባለዋ ሰክራ ስትዘፍን ገበያተኛ እንደሚቆም ዘረዘሩ። አበበች ከጎኔ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። እሳቸው እኛን ለማትረፍ አንድ በጨመሩ ቁጥር ሽማግሌው እንባቸው ይወርዳል። እንባውን ሲያዩ ደግሞ አላመኑኝም ብለው ሌላ ይጨምራሉ።

በመጨረሻ ወንድም ጂግሶ እዚያው በጠላ ቤቱ ወለል ላይ ተንበረከኩ። ድምፃቸው ከጋራ ጋራ የሚሻገር ነው። እያለቀሱ፣ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ፣ በጌዴኦኛ ይጸልዩ ጀመር። ጠጪው ሁሉ ጣሳውን አስቀመጠ። ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስሜን ሲጠሩ መቻል አቃተኝና ከጓዳ ወጣሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «እፍ በል» አሉኝ። እፍ አልኩ። አሸተቱ። ልብሴን አሸተቱ፣ እንደገና አፌን አሸተቱ። ከዚያ አናጢውን እፍ አስባሉት። ሁላችንንም በተራ እፍ አሰኝተው ሲጨርሱ ተነሥተው አቀፉን፤ እኛም አለቀስን። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይህን ሁሉ ያያሉ።

«እርስዎ የእነሱ ሰው ኖት?» አሏቸው። «ታዲያ አንዲት ጉንጭ ቢቀምሱ ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ ከሚያስዋሹኝ።» ትንሽ አሰቡና ጣሳ ሙሉ ውኃ አቀረቡላቸው። «ቀብሬ ላይ ይመጣሉ?»

ወንድም ጂግሶ ነገሩ ባይገባቸውም «ከወርቃ እመጣለሁ» አሉ።

የዚያን ቀን ጠላ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ አይቶናል። ከሰፈሩ ሰው ወደ ፖሊስ የሄደ አልነበረም፤ የሰፈር ገመና ለፖሊስ አይሰጥም። ወሬው የሄደው ወደ ዕድሩ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ታደሰ እህል ነጋዴ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን ደንብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። እትዬ በላይነሽን ጠርተው ጴንጤዎቹን እንዲያስወጡና ሁለተኛ እንዳያስገቡ በዕድሩ ፊት ቃል ይግቡ አሏቸው፤ እምቢ ካሉ ከዕድር ይሰረዛሉ። ድንኳን የለም፣ ሬሳ ተሸካሚ የለም፣ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። እኛ ይህን ስንሰማ ተመካከርንና ጓዳውን ልንለቅላቸው ወሰንን። ጪጩ አካባቢ አንድ ወንድም የቡና ማሳ ነበረው፤ ዝናብ እስኪመጣ እዚያ እንሰበሰባለን አልን። የዕድሩ ስብሰባ ቀን ይህንኑ ልንነግራቸው ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅናቸው።

ከስብሰባው ሲመለሱ ነጠላቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ተሰርዣለሁ አሉን። ምን ብለው እንደመለሱላቸው ስንጠይቃቸው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነገሩን።

«እናንተ የምትቀብሩት ሬሳዬን ነው አልኳቸው። ለሬሳዬ ስል በቁሜ ከቤቴ ሰው ላባርር?»

ይህን ካሉ በኋላ ግን ድምፃቸው ሰለለ። እትዬ በላይነሽን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ጭቃውን፣ ያንን ክረምት፣ መንገደኛ መለመናቸውን አስበው ይሆናል። አበበች አጠገባቸው ተቀመጠችና «እትዬ፣ እኛ እንቀብርዎታለን» አለቻቸው።

«እናንተ?» አሉ ቀና ብለው። «እናንተ ሰው ሲሞት ትዘምራላችሁ። የሃምሳ አለቃ ሚስት በጭብጨባ ልትቀበር ነው? ይለቀስልኝ። በደንብ ይለቀስልኝ።»

እናለቅሳለን አልናቸው። አላመኑንም፤ እስቲ ልያችሁ አሉን። እዚያው ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ለማልቀስ ሞከርን። አናጢው እንደ በሬ አጓራ። እኔ ጭራሽ ድምፅ አልወጣልኝም። እትዬ በላይነሽ ተበሳጭተው ተነሡና ያስተምሩን ጀመር። ደረት የሚመታው እንዴት እንደሆነ፣ የሟቹ ስም መቼ እንደሚጠራ፣ ድምፅ የት ላይ እንደሚነሳና የት ላይ እንደሚሰበር አሳዩን። በገዛ ስማቸው «ወይ በላይነሽ፣ ወይ በላይነሽ» እያሉ ሲያሳዩን ሳቅ ገነፈለብን፤ መሬት ላይ ተንከባለልን፤ ዓይናችን እንባ ሞላ። እሳቸው ፈገግ ሳይሉ ጎንበስ ብለው ፊታችንን አዩና «ይኼ ጥሩ ነው፤ እንባው መጥቷል» አሉ። ከጓዳቸው አልወጣንም። ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ እዚያው፣ በባሻ ፉከራ ሥር፣ ስንዘምር ኖርን።

መርዶውን የሰማሁ ማግሥት ጧት መንገድ ዳር ወጥቼ መኪና ጠበቅሁ። ያው ሾፌር ከገደብ ሲመለስ ደረሰ። ከቡና ከረጢቱ በላይ ሰው እንደ ከረጢቱ ተደራርቧል። ከፊት ከሾፌሩ ጎን ወንድም ጂግሶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ በየደረሰበት ማን እንደሚቀብራቸው እንጃ እያለ ሲያወራ ነው ያመሸው። ጪጩ ስንደርስ መንገዱ በእግረኛ ሞልቶ መኪናው ማለፊያ አጣ። ወርደን ከሕዝቡ ጋር በእግር ገባን።

ዕድሩ አልመጣም፤ የዕድሩ ሰዎች ግን ሁሉም መጥተዋል። አንዱ ሌላውን እያየ ያፍርና «እኔ እኮ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» ይላል። ሌላውም ያንኑ ይላል። ለካ ያንን ሁሉ ጣሳ ሲሞሉ ዕድር ሲሰበስቡ ነው የኖሩት። ያ ጎደሎ ሲጠጣ የኖረው የገደብ ነጋዴ እንኳ መጥቷል። አቶ ታደሰ ቤታቸው ተቀምጠው ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚዳኙት ሰው ሲያጡ እሳቸውም መጡ። ሬሳውን ለመሸከም ሰው ተጋፋ። ቀኑ ብራ፣ መንገዱ ደረቅ ነበር።

መቶ አለቃውም ነበሩ። ሕዝቡ መሐል የምናውቃቸውን የተከለከሉ ፊቶች ሁሉ፣ ከዲላም ከገጠርም፣ በጠራራ ፀሐይ በአንድነት ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። ሰውየው «ቀባሪ ነው ጌታዬ» አላቸው። ቀብር ደግሞ አይከለከልም።

ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው አፈር ሲመለስ፣ እኛ እንደ ልማዳችን ወደ ኋላ ተሰብስበን ቆመን ነበር። ወንድም ጂግሶ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ አበበች ድምጿን አነሣች፣ ትክክለኛው ቦታ ላይም ሰበረችው። እኔም በላይነሽ፣ በላይነሽ ብዬ ጮህኩ፤ በዚህ ጊዜ ድምፄ አልጠፋም። የሰፈሩ ሴቶች ዞረው «ጴንጤ ያለቅሳል እንዴ?» ተባባሉ። አለቀስን፤ በደንብ አለቀስንላቸው።

ከቀብር መልስ ግቢያቸው ሞላ። ድንኳን ስላልነበረ የጪጩ ወንድሞች ቀርከሃ ተክለው በእንሰት ቅጠል ዳስ ጥለዋል። ንፍሮው ሲዞር ባሻ ወልዴ እኔና አበበች ፊት ለፊት መጥተው ተቀመጡ። ጃጅተዋል። በዱላቸው ጫፍ ወደ ጓዳው ጠቆሙ።

«ያ በሽታ ይዞኝ የከረመ ጊዜ» አሉኝ፣ «ሐኪሙ መጠጥ እርም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠላ በአፌ አልዞረም። በላይነሽ ውኃ በጣሳ እየቀዳች፣ ፎክር ወልዴ፣ ልጆቹ ሊጀምሩ ነው ትለኛለች። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ፎከርኩላችሁ። እናንተ ደግሞ ስብከት ታስረዝማላችሁ።»

አበበች በክርኗ ጎኔን ጎሰመችኝና «ግማሹ?» አለችኝ። ሳቅሁ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ባሻ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ለጓደኛቸው ሚስት፣ ጭቃ ላልፈራች፣ ቤቷን ላልዘጋች ሴት ፎከሩ። እኛም ለዓመታት የለመድነው ነውና፣ ማንም ጀምሩ ሳይለን፣ ከፉከራው ሥር የእትዬ በላይነሽን መዝሙር፣ ያቺን ሁለተኛዋን፣ ጀመርናት። አበበች መራች። ዳሱ ውስጥ ያለው ከወርቃ የመጣ፣ ከገደብ የመጣ፣ ከጪጩ የመጣ ሁሉ ተቀበለ። መቶ አለቃው የያዙትን ንፍሮ ሳይቆረጥሙ ቀና ብለው አዩን።

ባሻ ትንፋሽ አጠራቸውና ዝም አሉ።

እኛ ግን አላቆምንም።